የመጀመሪያው ቼክ ከየት ይምጣ? ጥቁር ሴቶች በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ገበያ

በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዓለም 20,000 ዶላር ትንሽ ገንዘብ ነው። ልምድ ያለው ፕሮግራመር ቢቀጠርበት ሁለት ወር ቢያቆይ ነው። በዚህ ገንዘብ የተነሳ ግን አትላንታ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሙግት ተካሄደ፣ ጉዳዩ እስከ ፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በመጨረሻም ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው ድርጅት ፕሮግራሙን ዘጋ። ክሱ የተመሠረተበት ሕግ የ1866 ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ የወጣው ከባርነት ገና የተላቀቁ ጥቁር አሜሪካውያን ማንኛውም ነጭ ዜጋ እንደሚዋዋለው ውል መዋዋል እንዲችሉ ነበር።

ድርጅቱ ፊርለስ ፈንድ ይባላል። በ2019 አትላንታ ላይ ያቋቋሙት ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው በይበልጥ የምትታወቀው አሪያን ሲሞን ናት። ዋና ሥራው ቬንቸር ካፒታል ነው። ከትላልቅ ባለገንዘቦች ይሰበስባል፣ በዚያም ገንዘብ ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ባቋቋሟቸው ጀማሪ ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ ይገዛል። ከዚህ ጎን ለጎን ስትራይቨርስ ግራንት የሚባል ውድድር ነበረው። ቢያንስ 51 በመቶው በጥቁር ሴቶች የተያዘ አነስተኛ ድርጅት ይወዳደራል፣ አሸናፊዋ 20,000 ዶላርና የሙያ ምክር ታገኛለች። ድርሻ ቆርሳ አትሰጥም፣ ገንዘቡንም አትመልስም።

በኦገስት 2023 አሜሪካን አሊያንስ ፎር ኢኳል ራይትስ የተባለ ማኅበር ክስ መሠረተ። ማኅበሩን የሚመሩት ኤድዋርድ ብለም ናቸው፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 የወሰነባቸውን የሐርቫርድና የኖርዝ ካሮላይና ክሶች ከጀርባ ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ውሳኔ ሁለት ወር ሳይሞላ ፊታቸውን ወደ ንግዱ አዞሩ።

የክሱ አካሄድ ቀላል ነው። ውድድሩ ውል ነው ይላል፤ ተወዳዳሪዋ ደንቡን ተቀብላ ትገባለች፣ ድርጅቱ ደግሞ ላሸነፈችው ገንዘብ ይከፍላል። ውል ከሆነ፣ የ1866ቱ ሕግ በዘር ምክንያት ማንንም ከውል ማግለል ይከለክላል። የፊርለስ ፈንድ ጠበቆች መልስ ደግሞ ይህ ልገሳ ነው፣ ልገሳም ሐሳብን የመግለጽ መብት አካል ነው የሚል ነበር። የአትላንታው ፌደራል ዳኛ ቶማስ ትራሽ በሴፕቴምበር 2023 ይህን መልስ ተቀብለው ማኅበሩ ውድድሩ እንዲታገድ ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በቀናት ውስጥ ውድድሩን አገደው፤ በጁን 2024 ደግሞ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፕሮግራሙ ሕጉን የመጣሱ ዕድል ሰፊ ነው ሲል ወሰነ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ሮቢን ሮዘንባም ከሳሾቹን ማንም ሳይነካቸው ሜዳ ላይ ከሚወድቁ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ጋር አመሳስለው ጻፉ፤ ማኅበሩ ስማቸውን ሳይገልጽ ያቀረባቸው ባለንግዶች ከልባቸው ሊወዳደሩ ይፈልጉ እንደነበር አላሳየም ማለታቸው ነው። በሴፕቴምበር 2024 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፣ ውድድሩም ለዘለቄታው ቆመ።

ውሳኔው ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1976 ጀምሮ የ1866ቱ ሕግ ነጮችንም እንደሚጠብቅ ሲናገር ቆይቷል፤ ስለዚህ የዳኞቹን አመክንዮ ሕጋዊ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሕግ የወጣው ገንዘብና መሬት በአንድ ወገን እጅ ተከማችቶ፣ ሌላው ወገን ውል ይዞ እንኳ ገበያ መግባት ባልቻለበት ጊዜ ነው። ያ ክምችት ዛሬም አለ፤ የታገደችው ግን ክምችቱን በጭላፋ ልትቀንስ የሞከረችው ናት።

ክምችቱ በቁጥር ይታያል። የአሜሪካ ፌደራል ሪዘርቭ በ2022 ባደረገው የቤተሰብ ሀብት ጥናት መሠረት፣ በመካከለኛው እርከን ያለ የነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን፣ የጥቁር ቤተሰብ 44,900 ዶላር ነው። ይህ ልዩነት የቴክኖሎጂ ኩባንያ በሚመሠረትበት በመጀመሪያው ቀን ነው ሥራውን የሚጀምረው። አንዲት ወጣት ሶፍትዌር ልትሠራ ሥራዋን ስትለቅ ባንክ አያበድራትም፤ የምታስይዘው ሕንፃም፣ መኪናም፣ ዕቃም የላትም። ባለፈንዶቹም፣ የቬንቸር ካፒታል ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ማለት ነው፣ ገና አያውቋትም፤ "ጥቂት ደንበኛ አግኝተሽ ነይ" ይሏታል። ደንበኛ እስክታገኝ ያለውን አንድና ሁለት ዓመት የሚሸፍነው ከቤት የሚመጣ ገንዘብ ነው። አባት ቤቱን አስይዞ፣ አክስት ከጡረታዋ ቀንሳ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ከደመወዙ 10,000 ዶላር አዋጥቶ። አሜሪካኖቹ ይህን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው የጓደኛና የቤተሰብ ዙር ይሉታል፤ እኛ የዘመድ አዝማድ ዙር ልንለው እንችላለን። ዘመድ አዝማዱ 44,900 ዶላር ላይ ከሆነ ግን ያ ዙር የለም። የፊርለስ ፈንድ 20,000 ዶላርም የዚያ የሌለው ዙር ምትክ ነበር።

ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ በቅርብ ካላዩት ትንሽነቱ ያታልላል። ለሆስፒታል ወይም ለባንክ ሶፍትዌር የምትሸጥ ጀማሪ ኩባንያ ውል ከመፈረሟ በፊት የመረጃ ደህንነት ኦዲት፣ ብዙ ጊዜ ሶክ ቱ የሚባለውን፣ አልፋ እንድትመጣ ትጠየቃለች። ኦዲቱና ዝግጅቱ በአስር ሺዎች ዶላር ሊፈጅ ይችላል። ደንበኛው አለ፣ ምርቱ ሠርቷል፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ወረቀት ግን የለም። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚቀረው እዚህች ደጃፍ ላይ ነው።

ሐሳብ የሚገኘው ከኑሮ መሆኑን ለሚጠራጠር የፓርትፒክን ታሪክ ማንሳት እወዳለሁ። ጁዌል በርክስ የመለዋወጫ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። የሚደውሉት ደንበኞች የተሰበረችውን ብሎን ወይም የተበላሸችውን ቫልቭ በእጃቸው ይዘው ስሟን አያውቁትም። ክብ ናት፣ ጥርስ አላት፣ ከዚህ ትንሽ ታጥራለች እያሉ በስልክ ሲገልጹ የተሳሳተ ዕቃ ይላካል፣ ተመልሶ ይመጣል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ መካኒኩ አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ከሱቅ ሱቅ "ይቺን የመሰለች አለህ?" እያለ ይዞራል። ጁዌል ይህንኑ ችግር ለስልክ ካሜራ ሰጠችው። ዕቃዋን ፎቶ ያነሷታል፣ ኮምፒውተሩ ዓይነቷንና ልኳን ለይቶ ይናገራል። ፓርትፒክን በ2013 አትላንታ ውስጥ መሠረተች፤ በ2016 አማዞን ገዛው፣ ቴክኖሎጂውም በአማዞን መተግበሪያ ውስጥ ገባ።

ይህን ሐሳብ ለማፍለቅ ከሲሊከን ቫሊ መወለድ አያስፈልግም፤ በስልክ ደንበኛ ማስተናገድ ይበቃል። ጥቁር ሴቶች በብዛት በሚሠሩባቸው ቦታዎች፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በደንበኞች አገልግሎት፣ እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚጠብቅ ችግር በየቀኑ ያጋጥማል። ችግሩን የሚያውቀው ሰውና ገንዘቡን የያዘው ሰው ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። ባለፈንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት በሚያውቁት ሰው በኩል የተዋወቁትን ነው፤ የሚያውቁት ሰው ደግሞ አብሯቸው የተማረ ወይም አብሯቸው የሠራ ነው።

ዲጂታል አንዲቫይድድ የተባለው ድርጅት በዳያን ናሽ፣ በስልሳዎቹ የመብት ታጋይ ስም ፕሮጀክት ዳያን ብሎ በሰየመው ጥናት እነዚህን ሴቶች መቁጠር የጀመረው ለዚህ ነው። በ2016 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ማሰባሰብ የቻሉት በጥቁር ሴቶች የተመሠረቱ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች 11 ብቻ ነበሩ። በ2018 ወደ 34፣ በ2020 ወደ 93 ደረሱ። ዕድገቱ ደስ ይላል። ግን በመላው አሜሪካ፣ በየዓመቱ ከመቶ ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚፈስበት ገበያ፣ 93 ሴቶችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ምሳ መጋበዝ ይቻላል።

እነዚህ ሴቶች ንግድ መጀመር አያውቁም የሚል ካለ ተሳስቷል። አሜሪካን ኤክስፕረስ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ጥቁር ሴቶች ያሏቸው ድርጅቶች 2.7 ሚሊዮን ነበሩ፣ ቁጥራቸውም ከሌሎቹ ሴቶች በላቀ ፍጥነት እያደገ ነበር። የአንዱ ድርጅት አማካይ ዓመታዊ ገቢ ግን 24,000 ዶላር ሲሆን፣ የሴቶች ድርጅቶች ጠቅላላ አማካይ 142,900 ዶላር ነበር። እንግዲህ ለእነዚህ ሴቶች "የሥራ ፈጠራ ሥልጠና" ደጋግሞ ማዘጋጀት የተሞላውን ማሰሮ መሙላት ነው። ድርጅት ከፍተዋል። የጎደለው የሚያሳድገው ገንዘብና ትልቅ ደንበኛ ነው። በየአዳራሹ የምስክር ወረቀት ይዘው ፎቶ የተነሱ፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን የሰርቨር ኪራይ በክሬዲት ካርድ የሚከፍሉ ሴቶችን ሳስብ ይህ ነገር ያሳዝነኛል።

እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ "እቁብ አለን አይደል?" እንላለን። አለን፣ ብዙ ሰውም አቋቁሟል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአትላንታ፣ በሲያትል የተከፈቱ ስንትና ስንት ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ታክሲዎች የእቁብ ገንዘብ አለባቸው። እንበልና 20 ሴቶች በወር 500 ዶላር ይጥላሉ፣ እጣው የወጣላት 10,000 ዶላር ትወስዳለች። በዚያ ገንዘብ ታክሲ ገዝታ በሳምንቱ መሥራት ትችላለች፤ ከምታገኘውም በየወሩ 500 ዶላሯን ትጥላለች። እቁብ በመሠረቱ ብድር ነው፤ ዋስ ተጠርቶ፣ ወር በወር የሚከፈል ብድር።

ሶፍትዌር የምትሠራዋ ሴት ግን እጣው ቢወጣላትም በሚቀጥለው ወር የምትጥለው የላትም። ምርቷ ተጽፎ፣ ተሞክሮ፣ ተሽጦ የመጀመሪያው ዶላር እስኪገባ አንድ ዓመት ተኩል ሊወስድ ይችላል፤ ከነጭራሹ ላይገባም ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት "ከከሰረሽ አብረን ከሰርን፣ ካደገ አብረን እናድጋለን" የሚላት ገንዘብ ነው። የዚህ ዓይነት ገንዘብ ልማድ በእኛ ዘንድ ገና ሥር አልሰደደም። አክሲዮን ስንል የባንክ አክሲዮን ነው የሚመጣልን፣ በየዓመቱ ትርፍ የሚከፍል። እቁብ ያሳደገን ሰዎች እንደመሆናችን መጠን ይህን ልዩነት በግልጽ መነጋገር ይኖርብናል።

የብድሩም በር ቢሆን ጠቧል። በቨርጂኒያ አርሊንግተን በኢትዮጵያውያን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከ1983 ጀምሮ ስደተኞችን ሲያቋቁም የኖረ ድርጅት ነው፤ በሥሩ ያለው ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ ባንክ ለማያበድራቸው ሰዎች አነስተኛ የንግድ ብድር ይሰጣል። ይህን መሰል የማኅበረሰብ አበዳሪዎች በመላው አሜሪካ ከሚደግፏቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ያለው የሲዲኤፍአይ ፈንድ ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይህ ፈንድ ሕግ ከሚያስገድደው በላይ እንዳይሠራ አዘዙ። በዚያው ትእዛዝ በ1969 የተቋቋመው የአናሳ ወገኖች የንግድ ልማት ኤጀንሲም ተካተተ፤ ኤጀንሲው ዘርን መስፈርት አድርጎ እንዳያገለግል ደግሞ የቴክሳስ ፌደራል ዳኛ ከትእዛዙ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ወስነው ነበር። የፊርለስ ፈንድ ጉዳይ ብቻውን የቆመ ክስተት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ባለፈንዶቹ ክፍል እንመለስ። እዚያ የሚሆነውን በቅርብ ያየ ጥናት አለ። ተመራማሪዋ ዳና ካንዝና ባልደረቦቿ ኒው ዮርክ ይካሄድ በነበረው ቴክክራንች ዲስራፕት የተባለ የጀማሪ ኩባንያዎች ውድድር ላይ ባለፈንዶች ለወንድና ለሴት መሥራቾች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መረመሩ። ወንዱን የሚጠይቁት "ገበያዎን እስከ የት ለማድረስ አስበዋል?" ነው። ሴቷን "ያሉዎት ደንበኞች እንዳይሸሹ ምን ያደርጋሉ?" ይሏታል። ወንዶቹ ከተጠየቋቸው 67 በመቶው ስለ ዕድገት፣ ሴቶቹ ከተጠየቋቸው 66 በመቶው ስለ ስጋት ነበር። ሴት ባለፈንዶችም ከወንዶቹ ተለይተው አልተገኙም።

ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ሰው መልሱን ያስብ። ስለ ስጋት የተጠየቀች ሴት ስለ ስጋት ትመልሳለች። ደንበኞቼን እንዲህ አድርጌ እይዛለሁ፣ ወጪዬን እንዲህ እቆጣጠራለሁ ትላለች። ጥሩ፣ ጥንቁቅ መልስ ነው። አዳራሹ ግን ጠንቃቃ የሱቅ ባለቤት አይፈልግም፤ አንዱ ኩባንያ መቶ እጥፍ አድጎ የሌሎቹን ኪሳራ እንዲሸፍንለት የሚጠብቅ አዳራሽ ነው። ያልጠየቋትን አልመለሰችም፣ ስላልመለሰችውም ትንሽ አሰበች ተብላ ትወጣለች። ጥናቱ በደፈናው የሴቶች ነው፤ ጥቁር ሴት ስትሆን የሚጨመረውን ለብቻው አልለካም። ከዚያ ጥናት የተገኘው ጠቃሚ ነገር ግን የስጋት ጥያቄን በዕድገት መልስ የመለሱት ብዙ እጥፍ ገንዘብ ማግኘታቸው ነው። "ደንበኞቼ አይሸሹም" ከማለት ይልቅ "ገበያው ገና እየሰፋ ስለሆነ የሚመጣው ከሚሄደው ይበዛል" ብሎ መመለስ። ይህን ለሴቶች ማስተማር ይጠቅማል፤ ጠያቂዎቹን ማረም ግን የበለጠ ተገቢ ነበር።

በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ ጠያቂዎቹ የታረሙ መስለው ነበር። ሶፍትባንክ ነጭ ላልሆኑ መሥራቾች የ100 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አወጀ፤ ጉግል ለጥቁር መሥራቾች ያለ ድርሻ የሚሰጥ 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ጎልድማን ሳክስ በ2021 ለጥቁር ሴቶች በአሥር ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ኢንቨስት አደርጋለሁ አለ። ለጀማሪ ኩባንያዎች የሚሰጠውን ገንዘብ የሚከታተለው ክራንችቤዝ እንደመዘገበው በ2021 ጥቁር መሥራቾች፣ ወንዶችም ሴቶችም ተደምረው፣ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኙ። በ2023 ግን 705 ሚሊዮን ብቻ ነበር፣ ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ እንኳ ያልሞላ። በእርግጥ በእነዚያ ዓመታት ወለድ ጨምሮ ገበያው በሙሉ ቀዝቅዟል። የጥቁሮቹ ድርሻ ግን ከገበያው አብልጦ ወደቀ። ሐዘን ያመጣው ገንዘብ ሐዘኑ ሲረሳ ተመልሶ ሄደ።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ የአርላን ሃሚልተን ታሪክ ያሳያል። አርላን ቤት አልነበራትም፤ በሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ እያደረች ባለፈንዶችን ስታናግር ቆይታ በ2015 የመጀመሪያውን 25,000 ዶላር ቼክ አገኘች፣ ባክስቴጅ ካፒታልንም አቋቋመች። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመቶ ያህል ኩባንያዎች ገንዘብ ሰጠች። በ2022 ግን አብዛኞቹን ሠራተኞቿን ለማሰናበት ተገደደች። የቬንቸር ፈንድ ሠራተኞች የሚከፈሉት ከሰበሰቡት ገንዘብ በየዓመቱ በሚወሰድ ሁለት በመቶ ገደማ ክፍያ ነው። ቢሊዮን ዶላር ለያዘ ፈንድ ይህ 20 ሚሊዮን ነው፤ አምስት ሚሊዮን ለያዘች ሴት 100,000 ዶላር፣ የአንድ ሰው ደመወዝ። ትናንሽ ቼክ የሚሰጥ ትንሽ ፈንድ ራሱ የሚኖርበት የለውም። ጥቁር ሴቶችን የሚደግፉት ፈንዶች አብዛኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ችግሩ ከሥር ከመሠረቱ ይወራረሳል።

ከእኛ ወገን የሳራ መንከርን ጉዳይ ማንሳት ይገባል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሳራ ኒው ዮርክ ሞርጋን ስታንሊ ባንክ ውስጥ በሸቀጥ ግብይት ትሠራ ነበር። ያንን ትታ ግሮ ኢንተለጀንስን መሠረተች። ግሮ የዓለምን የእርሻ፣ የዝናብና የዋጋ መረጃ ሰብስቦ የምግብ እጥረት ከመድረሱ በፊት የሚያመለክት ኩባንያ ነበር፤ በናይሮቢና በኒው ዮርክ ይሠራ ነበር። በጃንዋሪ 2021 በአንድ ዙር 85 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ። ጥቁር ሴት ለምትመራው ኩባንያ ይህ ብርቅ ገንዘብ ነበር። በ2024 ግን ኩባንያው ተዘጋ።

መዘጋቱን ስሰማ አዝኛለሁ፤ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚወራው ነው። ቬንቸር ካፒታል ከሚገባባቸው ኩባንያዎች አብዛኞቹ ይከስራሉ፤ ሥራው የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። የወንድ መሥራች ኩባንያ ሲዘጋ "ልምድ አገኘ" ተብሎ ለሁለተኛው ይታመናል። በጣት የሚቆጠሩ ጥቁር ሴቶች ብቻ ባሉበት አንዷ ስትዘጋ ግን ከኋላዋ ያሉት ሁሉ የእሷን ዕዳ ይከፍላሉ። ኢትዮጵያዊት ልጅ ነገ ሲያትል ውስጥ ባለፈንድ ፊት ስትቆም በራሷ ሒሳብ መመዘን አለባት።

እንግዲህ ከአትላንታው ውሳኔ በኋላ ምን ይቻላል? ብዙ ድርጅቶች መስፈርታቸውን ከዘር ወደ ሁኔታ እያዞሩ ነው። የመሥራቿን የቤተሰብ ሀብት፣ የተወለደችበትን ሰፈር፣ ከዚህ በፊት የውጭ ገንዘብ አለማግኘቷን መጠየቅ ሕጉ አይከለክልም። ይህ ከባዶ ይሻላል፤ ግን የታሰበላትን ሴት በተዘዋዋሪ መፈለግ ስለሆነ ወደ ሌላ የመንሸራተት ዕድሉ ብዙ ነው። የፓርትፒኳ ጁዌል፣ አሁን ጁዌል በርክስ ሰለሞን፣ በበኩሏ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር አትላንታ ላይ ኮላብ ካፒታል የተባለ የቬንቸር ድርጅት አቋቁማ በ2021 የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አሰባስባ ጨርሳለች። ኩባንያ ሠርታ የሸጠች ሴት ተመልሳ ቼክ ፈራሚ ስትሆን ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ትጠቅማለች፤ ምክንያቱም በስልክ ብሎን ስትገልጽ የዋለችውን ሴት ንግግር ትረዳለች።

ከስጦታም ከድርሻም የሚበልጠው ግን ደንበኛ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች "እንደግፋለን" ሲሉ የሚመጣልኝ ጥያቄ ምን ገዛችሁ የሚል ነው። ገዝተውም ቢሆን አንዳንዶቹ በ90 ቀን ነው የሚከፍሉት። አራት ሠራተኛ ያላት ኩባንያ ሥራውን ጨርሳ ሦስት ወር ደመወዝ ከየት ታመጣለች? በ15 ቀን ውስጥ መክፈል ለትልቁ ኩባንያ አንድ ቅንጣት አይጎዳውም፤ በዘርም ስለማይለይ ማንም ሊከሰው አይችልም። ይህን የሚያደርጉት ግን ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህም የማይወራለት ድጋፍ ሆኖ ቀርቷል።

የእኛ ማኅበረሰብስ? በሲያትልና በቨርጂኒያ በትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ቁጥር ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ሕግ በግል ኩባንያ ውስጥ ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያስገባ የሚፈቅደው በዋናነት ዓመታዊ ገቢው ከ200,000 ዶላር በላይ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር ከ300,000 በላይ ለሆነ፣ ወይም መኖሪያ ቤቱን ሳይጨምር አንድ ሚሊዮን ዶላር ሀብት ላለው ሰው ነው። ከእነዚህ መሐንዲሶች ብዙዎቹ ይህን መስፈርት ያሟላሉ፤ ግን ቤት ገዝተው፣ ሁለተኛ ቤት ገዝተው፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገዝተው ያቆማሉ። መስፈርቱን ለማያሟላ ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከሜይ 2016 ጀምሮ ሌላ በር ተከፍቷል። ጀማሪ ኩባንያ ፈቃድ ባላቸው ድረ ገጾች በኩል ከተራው ሕዝብ በትናንሽ መጠን በዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር መሰብሰብ ይችላል። እያንዳንዱ ሰው የሚያስገባው በገቢውና በሀብቱ ልክ የተገደበ ነው፣ ገደቡም ጥሩ ነው፤ ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ የሚችል ገንዘብ ነውና ከቤት ኪራይና ከልጅ ትምህርት ላይ መነሳት የለበትም።

እቁብ ላይ ያለው ዳኝነትና መተማመን ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። አሥር ሴቶች እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር ቢያዋጡ 20,000 ይመጣል፣ አትላንታ ላይ ያን ሁሉ ሙግት ያስነሳው ገንዘብ። የዳኛዋ ሥራ ግን ይለወጣል፤ በየወሩ የሚጥለውንና የማይጥለውን ከመቆጣጠር ይልቅ የኩባንያዋን ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ ተቀብላ ለአባላቱ ታስረዳለች። ውሉም የሚያስፈራ አይደለም። ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚደግፈው ዋይ ኮምቢኔተር በ2013 ያወጣው ሴፍ የሚባለው የጥቂት ገጽ ስምምነት በነጻ ይገኛል፤ ገንዘቡ አሁን ተሰጥቶ ድርሻው ኩባንያው በሚቀጥለው ዙር ሲተመን እንዲታወቅ ያደርጋል። ከመፈረሙ በፊት አንድ ጠበቃ ይየው። ከዚያ በፊት ደግሞ ልጅቷን ቡና አፍልተው ያስቀምጧትና፣ ወጪሽን እንዴት ትቀንሻለሽ ከማለታቸው አስቀድመው፣ "ይህን ነገር እስከ የት ልታደርሺው አሰብሽ?" ብለው ይጠይቋት።